ምጣዱን ከመክሰሳችሁ በፊት

ቤታችሁ ውስጥ የትኛው ዕቃ ምን ያህል መብራት እንደሚበላ የሚለካ ነገር ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ሶኬት ላይ የምትሰካዋን ትንሽዬ መለኪያ ለምጣድ አትግዙ። ለእኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አዲስ አበባ ውስጥ ግቢ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ቆጣሪው አንድ፣ ተከራዩ ብዙ። ቢሉ ከፍ ባለ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው እኛ ቤት ላይ ነው፤ ምጣድ አለና። አከራያችን እትዬ "ልጄ፣ ምጣድ ያለው እጥፍ ይክፈል እንጂ" አሉኝ። በኤሌክትሪክ ምድጃ ወጥ ሲሠራ የሚውለው ጎረቤቴም "እውነታቸውን ነው" አለ። እሱ ባይናገር ኖሮ ምናልባት ዝም እል ነበር። ለክቼ ላሳያቸው ተነሣሁ።

መርካቶ ወርጄ መለኪያ ጠየቅኩ። የተሰጠኝ ዕቃ ያምራል። በጀርባው ሶኬት ላይ ይሰካል፣ በፊቱ የዕቃው ስፒና ይገባበታል፣ ስክሪኑ ቮልት፣ አምፔር፣ ዋትና ኪሎ ዋት ሰዓት ያሳያል። ካርቶኑ ላይ 16 አምፔር፣ 3680 ዋት ይላል። "ምጣድ ይችላል?" አልኩት ሻጩን። "አባቴ፣ ምጣድ ምን አላት፣ ብየዳም ይችላል!" አለኝ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ሒሳቡን እንየው። 3680 የመጣው 16 በ230 ቮልት ተባዝቶ ነው። የእኛ መብራት በወረቀት 220 ነው፤ በ16 ሲባዛ 3520 ይሆናል። የእኔ ምጣድ ደግሞ 3800 ዋት ተጽፎበታል። ዕቃው ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ተሸንፏል ማለት ነው። በዚያ ላይ እንጀራ ጋገራ እንደ ካውያ አምስት ደቂቃ ሠርቶ የሚያርፍ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች በሰላም ወጡ። ቮልቱ 205 አካባቢ፣ ዋቱ ወደ 3300፣ አምፔሩ 16ን ነክቷል። ደስ ብሎኝ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ስፒናውን ብነካው ጣቴን ፈጀኝ። ሮጬ ብሬከሩን አወረድኩ። ስነቅለው የምጣዱ ስፒና አንዱ ጥርስ ጠቁሯል፣ የመለኪያው ቀዳዳ ዙሪያውን እንደ ሰም ቀልጧል። ሊጡ በባልዲ ቀረ፣ ለሳምንቱ እንጀራ ከሱቅ ተገዛ። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ አስተያየቷ ግን በቂ ነበር።

ይዤው ተመለስኩ። ደረሰኙ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ማኅተም አለ። "ምጣዱ ነው ያበላሸው፤ ምጣዱን አሠሩት" አለኝ ሰውዬው። ይባስ ብሎ ሌላ አወጣና "ይሄኛው 20 አምፔር ነው" አለ። ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። ስፒናቸው አንድ ነው። ያ ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ስፒና የተሠራው ቢበዛ ለ16 አምፔር ነው። ላዩ ላይ 20 ስለተጻፈ ጥርሱ አይወፍርም። ይህን ስነግረው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። እስካሁን በዚያ ሱቅ ሳልፍ ደሜ ይፈላል።

ለፍሪጅ፣ ለቴሌቪዥን፣ ለካውያ ግን እነዚህ መለኪያዎች ደህና ናቸው። ስትገዙ አንድ ነገር ጠይቁ፤ መብራት ሲጠፋ የቆጠረውን ይረሳል ወይስ ያስታውሳል? በእኛ ሰፈር የሚረሳ መለኪያ ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ አንድ ኤሌክትሪሺያን ክላምፕ ሜትር ይዞ መጣ፤ ሽቦ አቅፎ አምፔር የሚለካ መሣሪያ ነው። ሙሉውን የምጣድ ገመድ አቀፈበትና ዜሮ አነበበ። በፋዙ ሽቦ የሚገባውና በኑትራሉ ሽቦ የሚመለሰው ኤሌክትሪክ እርስ በርስ ስለሚጣፉ ነው፤ ማቀፍ ያለበት ፋዙን ብቻ ነበር። ቢያቅፍም የሚያሳየው የዚያችን ቅጽበት አምፔር ነው። ማታ ቮልቱ ወደ 180 ሲወርድ የእኔው ምጣድ ወደ 2500 ዋት ይወርዳል። ማታ ማታ ምጣዱ አልግል የሚለው ለዚሁ ነው። የአንድ አፍታ ንባብ ይዞ ስለ ወር ቢል መከራከር አይቻልም።

ምንም ሳትገዙ የምትሠሩት ዘዴ አለ። ዲጂታል ቆጣሪ ከሆነ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለችው፤ አጠገቧ 1600 ወይም ሌላ ቁጥር ተጽፏል። ለ1 ኪሎ ዋት ሰዓት ያን ያህል ጊዜ ትበራለች ማለት ነው። ሌላውን ሁሉ አጥፉና አንድ ዕቃ ብቻ አብሩ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የበራችውን ቁጠሩ፣ በ60 አባዙ፣ ለተጻፈው ቁጥር፣ ለምሳሌ ለ1600፣ አካፍሉ። 88 ጊዜ ከበራች 3.3 ኪሎ ዋት ነው።

ለግቢ ጭቅጭቅ ግን መፍትሔው ከብሬከሩ ቀጥሎ የሚገጠም ትንሽ ቆጣሪ ነው። 5(60) አምፔር የሚለውን ምረጡ፤ እስከ 60 አምፔር ይችላል ማለት ነው። 1.5(6) የሚለውን እርካሽ ነው ብላችሁ አታንሱ፤ እሱ ለብቻው ከሚገዛ የአምፔር መቀነሻ ጋር ካልሆነ አይሠራም። ስክሪን ካለው ይልቅ ቁጥሩ በጥርስ የሚዞረውን እመርጣለሁ፤ መብራት ቢኖርም ባይኖርም ይነበባል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይግጠመው፣ የዋናውን ቆጣሪ እሽግ ማንም እንዳይነካ።

ለካን። ምጣዴ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ያህል ይሠራል፤ በወር 27 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ። የጎረቤቴ ምድጃ 2000 ዋት ነው፤ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ቢነድ በወር 120። ጉልበቱ የምጣድ ነው፣ ሆዱ የምድጃ። ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ስለሚወደድ፣ በአንድ ቆጣሪ ስንጠቃለል ትንሽ የሚጠቀመውም ውድ እርከን ላይ ይወጣል። የሞባይል ቻርጀር ከሶኬት ንቀሉ የሚለውን የተለመደ ምክር እርሱት፤ ሥራ የፈታ ደህና ቻርጀር ዓመቱን ሙሉ ተሰክቶ ቢቆይ የምጣዴን የአንድ ቀን ጋገራ አይበልጥም።

እትዬ ቁጥሩን ካዩ በኋላ ለየቤቱ ቆጣሪ አስገጠሙ። የትንንሾቹ ድምር ከዋናው ያንሳል፤ ልዩነቱ የውሃ ፓምፑና የግቢው መብራት ስለሆነ እኩል እንካፈለዋለን። ጎረቤቴ ወጡን አሁንም በምድጃው ይሠራል፤ ከኪሱ እየከፈለ።