መጽሐፉን ያነበበና ያላነበበ

ዛሬ ካነበብኩት ልብ ወለድ የተሠራውን ፊልም አየሁት። ስንወጣ ሰዉ በሩ ላይ ለሁለት ተከፈለ። መጽሐፉን ያላነበቡት «አሪፍ ነው!» ይላሉ። ያነበቡት ፊታቸው ጠቁሯል። አንዷማ «ደብዳቤው የት ሄደ?» እያለች ጓደኛዋን ታፋጥጣለች፤ እሱ ደግሞ የምን ደብዳቤ እንደሆነ እንኳን አያውቅም።

እኔም ከአኩራፊዎቹ ወገን ነኝ፤ ግን በደብዳቤው አይደለም። ያን የሚያህል መጽሐፍ ሁለት ሰዓት ውስጥ ሲገባ የሚቆረጥ ነገር አይጠፋም። የከነከነኝ ሌላ ነው። መጽሐፉ ላይ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ብዙ ታስባለች፣ ትንሽ ትናገራለች። ፊልሙ ላይ ግን የሆዷን ሁሉ ለእህቷ ትዘረግፈዋለች። ዝም ብትል እኮ ተዋናይቷ በዓይኗ ብቻ ትጨርሰው ነበር! አባትየው የልጁን ጫማ የሚጠርግባት ትዕይንት ግን... አንድ ቃል የለም፣ አዳራሹ ጸጥ። መጽሐፉ ላይ አንዲት መስመር ብቻ ናት።

ለነገሩ የፊልም ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ በ1980 እ.ኤ.አ. «ዘ ሻይኒንግ» የተባለውን አስፈሪ ልብ ወለድ ፊልም ሲያደርገው፣ ደራሲው ስቴፈን ኪንግ ራሱ አልወደደለትም። ተመልካቹ ግን ዛሬም ያየዋል።

ታናሽ ወንድሜ ፊልሙን አይቶ «መጽሐፉን አውሰኝ» ብሎኛል። እሰጠዋለሁ፤ እንዳያስቀርብኝ ነው የምፈራው።