ቀዳዳው እኔው ጋ ነበር፦ የክፍላችን ግሩፕ ሰባት ወር

ይህን የምጽፈው ተማሪዎቻቸውን የዋትስአፕ ወይም የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ላስገቡ ወይም ለማስገባት ለሚያስቡ መምህራን ነው። የማስተምረው ባዮሎጂ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል። ተማሪዎቼ 43 ናቸው። ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት ለራሴ ነበር፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ሁለት ሦስት መስመር እጫጭራለሁ። አሁን መለስ ብዬ ሳነበው ግማሹ የራሴ ጥፋት ሆኖ አገኘሁት። ስጀምር የፈራሁት የማናውቀው ሰው ግሩፑ ውስጥ ሰርጎ እንዳይገባ ነበር። አንድም አልገባም። የሾለከው ሁሉ የሾለከው በኔ በኩል ነው።

ሳምንት 1

ዋትስአፕ ላይ ግሩፕ ከፈትኩ። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ እዚያው ነኝ። ቁጥራቸውን በወረቀት ሰበሰብኩ፣ አንድ በአንድ አስገባኋቸው፣ የመጀመሪያውን የቤት ሥራ ለጠፍኩ። ደስ አለኝ።

ሳምንት 2

አንዷ ተማሪዬ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። «ቲቸር፣ ከግሩፑ ብወጣ ችግር አለው?» አለች። ለምን ስላት መሬት መሬት ማየት ጀመረች። ነገሩ ሲጣራ ከክፍሉ ልጆች አንዱ ቁጥሯን ከግሩፑ ላይ ወስዶ ለጓደኛው ሰጥቶታል። ጓደኛው ማታ ማታ እየደወለ እንቅልፍ ነስቷታል።

ዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ የአባላት ቁጥር እንደሚታይ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። አውቃለሁ። በልጅቷ ቦታ ሆኜ ግን አስቤው አላውቅም። ስልክ ያላቸውን ልጆች ሁሉ ቁጥር እርስ በርስ አድያለሁ፤ ለዚያውም አንዳቸውንም ሳልጠይቅ። ልጁን ለብቻው አነጋገርኩት፣ ከእሷ ጋር ተማክረን ለወላጆቿም ነገርን። ግሩፑን በዚያው ቀን ዘጋሁት።

ሳምንት 3

ወደ ቴሌግራም ዞርን። የመረጥኩት ቁጥርን መደበቅ ስለሚቻል ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሴቲንግ ላይ አጠፋን፤ ስልክ ለሁለት የያዙም ስለነበሩ ለማግስቱ ተረፈ። መጀመሪያ «ስልክ ቁጥሬን ማን ይይ» የሚለውን «ማንም» አደረግን። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ያቆማል። ከሥሩ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ቁጥሬን የያዘ ሰው በቁጥሬ ሊያገኘኝ ይችላል ወይ የሚል። እሱን «የማውቃቸው ብቻ» ካላደረጋችሁት ቁጥሩን ስልኩ ላይ የመዘገበ ሁሉ ያገኛችኋል። ቀጥሎ ማን ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባን እንደሚችል ወሰንን። በመጨረሻ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፤ ማለትም አካውንት ለመክፈት ከሚላከው ኮድ ሌላ የራስ የይለፍ ቃል። ይህቺ ኋላ ላይ ልጅ አዳነች፤ እመለስበታለሁ።

ግሩፑ ተፈልጎ የማይገኝ ነው፣ የሕዝብ ስም የለውም። የመግቢያ ሊንኩ ከአንድ ቀን በኋላ እንዲሞት አደረግኩ፤ የሚገባውንም አድሚን ያጸድቃል። ሁለተኛ አድሚን የሥራ ባልደረባዬ ነው። ብቻዬን መሆን አልፈለግኩም፤ ለልጆቹም ለኔም ይሻላል። ደግሞም የቴሌግራም ግሩፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው የተቆለፈ አይደለም፤ ለጽሑፍ መልእክት ያ ያለው በሚስጥራዊ ቻት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ሕመም፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ቅጣት እዚያ ላለመጻፍ ተስማማን። ስልክ የሌላቸው አምስት ልጆች አሉ፤ ግሩፑ ላይ የወጣው ሁሉ ተጽፎ ክፍሉ ግድግዳ ላይም ይለጠፋል።

ሳምንት 6

«ውጤት ደረሰ ወይ?» እያሉ ሲነዘንዙኝ መዝገቡን ስክሪንሾት አድርጌ ለቀቅኩት። ስም ከነውጤቱ። ከ11 ደቂቃ በኋላ አጠፋሁት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ከ100 18 ያገኘው ልጅ በዚያች 11 ደቂቃ ቅጽል ስም ወጥቶለታል። «አሥራ ስምንት» ይሉታል። እስካሁን የሚሉት አሉ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ምንም አላለኝም። ውጤት አሁን በወረቀት፣ ተገልብጦ፣ በእጅ ነው የሚሰጠው።

ሳምንት 9

ባቄላ እያበቀልን ነበር። ሁሉም በየቤቱ እርጥብ ጥጥ ላይ ባቄላ አስቀምጦ በየቀኑ ፎቶ ይልካል። እውነቱን ለመናገር ለግሩፑ ስል የደከምኩት በዚህ ተክሶልኛል። ሥሩ መጀመሪያ፣ ግንዱ ኋላ እንደሚወጣ ማንም ሳይነግራቸው ከፎቶዎቹ አዩት። እኔም ምሳሌ ልሁን ብዬ መስኮቴ ላይ ያለውን ባቄላ አነሳሁ። የሥሩ ፀጉር ጥርት ብሎ እንዲታይ ፎቶውን በገመድ ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ በፋይል መልክ ላክሁት።

በማግስቱ ኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ትምህርቱ ብዙም የማይስበው ልጅ ስልኩን ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ ቤትዎ እዚህ ጋ ነው አይደል?»

ካርታ ነው። ቀይዋ ነጥብ ጣሪያዬ ላይ ቁጭ ብላለች።

የካሜራዬ ሎኬሽን በርቶ ኖሯል። ሲበራ ካሜራው የተነሳበትን ቦታ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ፎቶው ውስጥ ይጽፈዋል። በዓይን አይታይም፤ የፋይሉን ዝርዝር ለከፈተ ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ቴሌግራም ላይ ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ያ መረጃም አብሮ ይራገፋል። በፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ነው የሚሄደው። ለጥራት ብዬ የመረጥኩት መንገድ ጉድ አደረገኝ።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ቾኩን ለልጁ ሰጠሁትና 15 ደቂቃ አስተማረ። እኔ ስለ ደኅንነት ስናገር መስኮት መስኮት የሚያዩት ሁሉ ጸጥ ብለው ሰሙት። ከዚያ የየራሳቸውን ባቄላ ይፈትሹ ጀመር። አራቱ በፋይል ልከዋል፤ የሁለቱ ቤት ካርታ ላይ ወጣ። እዚያው ተቀምጠን ከሁሉም ሰው ላይ አጠፋነው፣ የሁሉንም ካሜራ ሎኬሽን አጠፋን። የኔን ያጠፋው እሱ ነው።

ሳምንት 12

ከወላጆች ጋር ተሰበሰብን። አንድ አባት «ለትምህርት ብቻ የተሠራ ነገር የለም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጎግል ክላስሩም አለ፤ የቤት ሥራ ለመስጠትና ለመቀበል የተሻለ ነው፣ ለእንዲህ ያለው የዕለት ተዕለት ጨዋታ ግን ልጆቹ አይወዱትም። ኤድሞዶ የሚባልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረ፣ ፌስቡክን የሚመስል፣ ለመምህርና ለተማሪ ብቻ የተሠራ። በ2017 የ77 ሚሊዮን ገደማ ተጠቃሚዎች መረጃ ተሰረቀበት፤ በ2022 ጭራሹኑ ተዘጋ። ለትምህርት ስለተሠራ ብቻ ዓይን ጨፍኖ ማመን አይቻልም አልኳቸው።

ዕድሜም ተነሳ። አብዛኞቹ ድርጅቶች 13 ዓመት የሚሉት እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣ የአሜሪካ ሕግ የተነሳ ነው፤ ከ13 በታች ካለ ልጅ መረጃ ለመሰብሰብ የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። ክፍል ውስጥ «በእውነተኛ የልደት ቀኑ የተመዘገበ?» ብዬ እጅ አስወጣሁ። ሳቁ፤ ሰባት እጅ ወጣ። ያልገባቸው ነገር፣ ዕድሜ ሲጨምሩ የሚጎዱት ራሳቸው መሆናቸው ነው። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ለታዳጊዎች የተለየ አካውንት ጀምሯል፤ ከመነሻው ዝግ ነው፣ የማይከተሉት ሰውም መልእክት ሊልክላቸው አይችልም። 25 ዓመቴ ነው ያለን ልጅ ይህ ጥበቃ የት ያገኘዋል?

ሳምንት 15

ሦስት ተማሪዎች በአንድ ማታ መልእክት ደረሳቸው። ስሙ የኔ፣ ፎቶው የኔ። «ለፈተና አዲስ ግሩፕ እየከፈትኩ ነው፣ አሁን የሚደርስህን ኮድ ላክልኝ» ይላል። ሁለቱ ዝም አሉ፤ አንዱ ላከ። ሰውየው የልጁን አካውንት ለመክፈት ኮዱን አስገባ፣ ቀጥሎ የይለፍ ቃል ተጠየቀ፣ እዚያው ቆመ። የሳምንት 3 ሥራ ነው።

ልጁን «እንዴት አመንከው?» አልኩት። «ቲቸር፣ ማታ ማታ ይጽፉልን የለ?» አለኝ።

አፌን ያዘኝ። እውነቱን ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ በኢንቦክስ «የቤት ሥራህ የታል?» እያልኩ ስጽፍ ከርሜያለሁ። አስመሳዩ የተጠቀመው በኔው ልማድ ነው። ፎቶዬንም ያገኘው ለማንም ክፍት ከሆነው ፕሮፋይሌ ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለተማሪ በኢንቦክስ አልጽፍም። በስሜ ኢንቦክስ ከመጣ እኔ አይደለሁም፤ ይህን 43ቱም ያውቃሉ። ችግሩ ዓይን አፋሮቹ ናቸው፤ ግሩፕ ላይ አይጠይቁም። ለጊዜው ያገኘሁት መላ ስም የማያሳይ ድምፅ መስጫ ነው። ከትምህርት በኋላ «ያልገባኝ የትኛው ነው?» ብዬ አራት ምርጫ እሰጣለሁ። አንድ ቀን 29 ልጅ ኦስሞሲስ አልገባኝም አለ። ክፍል ውስጥ ግን «ገባችሁ?» ስል «አዎ!» ብለው ነበር፣ በአንድ ድምፅ።

ሳምንት 28

ዓመቱ ሊያልቅ ነው። ግሩፑን ምን ላድርገው ብዬ ጠየቅኳቸው። 31 «ይጥፋ»፣ 7 «ይቆይ»፤ የቀሩት አልመለሱም። ማስታወሻዎቹን በአንድ ፋይል አሰባስቤ እሰጣቸዋለሁ፣ የመጨረሻው ቀን ላይ ለሁሉም አጠፋዋለሁ።

ድምፁ በተሰጠ ማግስት ያቺ የሳምንት 2ዋ ልጅ መጣች። መጀመሪያ ሰሞን በማይክሮስኮፕ የሽንኩርት ሴል ሲያዩ ያነሳሁት የቡድን ፎቶ አለ፤ ያኔ ጠይቄያት እሺ ብላለች። «ቲቸር፣ እሱን እስከዚያ ባይቆይ?» አለች። ምክንያት አልጠየቅኳትም፤ ቆማ እያየች አጠፋሁት። «ከስልክዎ ላይስ?» አለችኝ።

ማታ ጋለሪዬን ከፈትኩ። 112 የተማሪ ፎቶ። ለምን እንዳስቀመጥኳቸው አላውቅም። እያንዳንዱን እያየሁ ነው የማጠፋው፤ 60 ደርሻለሁ።