የእኔ ገጽ

ኮምቦልቻ እሠራበት የነበረው ፋብሪካ እኔንም ጨምሮ ሠራተኛ ከቀነሰ አምስተኛ ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ደሴ ሠፈራችን ባለው ሱቅ በር አላልፍም። በጓሮው መንገድ ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው።

ዛሬ ባለሱቁ ሀጂ ከኋላዬ ጠሩኝ። «አብሽር፣ ና ግባ» አሉኝ። የዱቤ ደብተሩን ከመደርደሪያው ሲያወርዱ ልቤ ድንግጥ አለ። ጫፉ በዘይት ወይቧል። የእኔን ገጽ ገለጡ። ስኳር፣ ሳሙና፣ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ እንደገና ስኳር። በሌላው ሰው ገጽ ግርጌ የሚከፍልበት ቀን ተጽፏል። በእኔ ላይ ግን በእርሳስ፣ በደቃቁ፣ «ሥራ ሲያገኝ» ይላል።

ባዶ ወረቀት ቀደው ሰጡኝ። «በል ያለብህን ዕዳ ሁሉ ጻፍ።» የእቁብ 24,000። ከጓደኞች 21,000። የሞባይል ብድር 9,500። የሳቸው 6,800። 61,300 ብር! ድምሩን ገና ዛሬ አየሁት። ሀጂ ጣታቸውን የሞባይሉ ላይ አሳረፉ። «ይሄ በቅጣት እያደገ ነው፤ ከሱ ጀምር። የእቁቡን ዳኛ ደግሞ ሳይፈልግህ ፈልገው።» በአራጣ ልበደር አስቤ እንደነበር ስነግራቸው ደነገጡ። «ሀራም ነው። በሕግም ወንጀል ነው፣ ልጄ።»

አብረውኝ ከተቀነሱት ስልክ ማንሳት ያቆሙ አሉ። ለቅሶ መድረስ የተዉም አሉ። እባካችሁ፣ ብቻችሁን አትደምሩት።

ማታ ወረቀቱን ለባለቤቴ ሰጠኋት። ሁለቴ አነበበችው። ነገ ዳኛው ጋ አብረን እንሄዳለን።