ሶደሬን ጓሮዬ ውስጥ ሠራኋት፦ ግሪን ሃውስ ላሰባችሁ የአዳማ ሰዎች

ይሄን የምጽፈው ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ "ወንድሜ ፕላስቲኩን ከማልበስህ በፊት አናቱ ላይ አየር መውጫ ተው" ቢለኝ ኖሮ የአንድ ወቅት ቲማቲም፣ አንድ ቬንትሌተርና ግማሽ ጥቅል ፕላስቲክ አላባክንም ነበር። ሁሉም ሰው የነገረኝ እንዴት ሙቀት እንደምይዝ ነው። አዳማ ላይ! መጋቢት ላይ ማታ ማታ በረንዳ ላይ ካልተቀመጥን መተኛት የሚያቅተን ሰዎች ሙቀት መያዝ ምን ያደርግልናል?

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ጓሮዬ 4 በ8 ሜትር ቦታ አለችኝ፣ ሰፈር ያለ በያጅ በቱቦላሬ አጥንቱን በሁለት ቀን አቆመው፣ ፕላስቲኩ ፀሐይ የሚችል ባለ 200 ማይክሮን ነው፣ መስኖው ጠብታ ነው ከበርሜል የሚወርድ። ዘሩ መልካ ሾላ፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያለው የመልካሳ ምርምር ማዕከል ያወጣው። ጥር ላይ ችግኙን አዛወርኩ። ይሄ ሁሉ ያለ ችግር አለፈ፣ ስለሱ ብዙ አልልም።

ብረት ለመቆጠብ ብዬ ግን ጣሪያውን ዝቅ አደረግኩት፣ መሃሉ ላይ 2 ሜትር ከ20 ብቻ። ጭንቅላታችሁ አጠገብ ያለ ጣሪያ ማለት ሙቀቱም ጭንቅላታችሁ አጠገብ ነው ማለት ነው፣ የተክሉም እንደዚያው። አሁን ብሠራ ከ3 ሜትር አላሳንሰውም፣ የቆጠብኩት የሁለት ዘንግ ብረት ዋጋ ነበር፣ አፈርኩ።

አየር ማስገቢያ ደግሞ እንደሚከተለው ነበር። ሁለት መስኮት 60 በ60፣ ሁለቱም በአንድ በኩል፣ ደረቴ ጋ፣ ምክንያቱም በሌላው በኩል የጎረቤት አጥር አለ። አንድ በር። መስኮቶቹም በሩም ላይ ነጭ ዝንብ እንዳይገባ ብዬ ደቃቅ መረብ ወጠርኩ። በቃ። ስደምረው 2.3 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ ወለሉ 32 ካሬ ነው፣ ስለዚህ 7 ፐርሰንት መሆኑ ነው። ከዚያ ላይ ደቃቅ መረብ አየሩን ግማሽ ያህል ሊቀንሰው ይችላል። ለሞቃት ቦታ የሚፈለገው የወለሉ 20 ፐርሰንት አካባቢ መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቶ ነው፣ እሱም ታችና ላይ ተከፋፍሎ እንጂ ሁሉም ደረት ጋ ተደርድሮ አይደለም።

አንድ የግብርና ባለሙያ መጥቶ አይቶልኝ ነበር፣ ከየት ቢሮ እንደሆነ ይቅር። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መጣ፣ በዛን ሰዓት ውስጡ 24 ዲግሪ ነው፣ ሽቶ ብቻ ነው የጎደለው። "በጣም ጥሩ ነው፣ በሩን ግን ክፍት አታድርግ፣ ግሪን ሃውስ ማለት ሙቀት መያዣ ማለት ነው" አለኝ። አንዲት ወረቀትም ሰጠኝ፣ "መረቡ በምንም ሁኔታ አይከፈት" የሚል ከሥሩ የተሰመረበት። ለሪፖርት ፎቶ አንስቶ ሄደ። እኔም እሺ ብዬ ዘጋሁ፣ ይሄው ነው የሚቆጨኝ፣ አዳማ ተወልጄ አድጌ ለደብረ ብርሃን ሰው የተጻፈ ምክር አምኜ በር ዘጋሁ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ባለቤቴ ሰላጣ ልትቆርጥ ገብታ ወዲያው ወጣች። "ሶደሬ ድረስ ምን አስኬደን፣ እዚሁ ጓሮ አለን" አለች። እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም፣ "ቲማቲሙን እዚሁ ቀቅለኸው ልታወጣው ነው እንዴ?" ብላ ጨመረች።

ቴርሞሜትር ገዛሁ። መጀመሪያ ፀሐይ የሚያገኘው ምሰሶ ላይ ሰቅዬው 55 ሲለኝ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ነበር፣ ለካ ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር አየሩን ሳይሆን ራሱን ነው የሚለካው። ጥላ ውስጥ በተክሉ ቁመት ሰቀልኩት። ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ውጪ 31፣ ውስጥ 46።

ቲማቲሙ ግን ሲታይ ያማረ ነበር፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቁመቱ ደረቴ ጋ፣ አበባው ቢጫ በቢጫ። ጎረቤት እየመጣ ያደንቃል። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብዬ መሬቱን ሳየው በጠብታው ቱቦ ዙሪያ ቢጫ ነገር ተበትኗል። አንዱን አነሳሁ፣ አበባው ከነእጀታው፣ ያቺ እጀታዋ መሃል ላይ ያለችው እብጠት የመሰለች አንጓ ላይ ቁርጥ ብሎ የወደቀ፣ እንደ ምላጭ የተቆረጠ። ተክሉን በጣቴ ነካ ሳደርገው ሌላ አምስት ስድስት ወረደ። ቲማቲም ቀን ከ32 ዲግሪ በላይ ሌሊት ደግሞ ከ21 በላይ ሲቆይበት የአበባው ዱቄት ይበላሽና ፍሬ ሳይዝ አበባውን ይጥለዋል፣ ቅጠሉ ምንም አይሆንም፣ ለዚህ ነው የሚያታልለው። እኔ ቅጠል ነበር የማሳድገው።

ባለሙያውን ደወልኩለት፣ መጣ፣ አሁንም ጠዋት 3 ሰዓት። "ውሃ አብዝተሃል" አለኝ። በ8 ሰዓት ናና እየው ስለው ከሰዓት ስብሰባ አለብኝ አለ። ከሰዓት በኋላ የማይመጣ ሰው ስለ ሙቀት ምን ያውቃል? ውሃ ቀነስኩ፣ አበባው መውደቁ ቀጠለ፣ አሁን ቅጠሉም መጠውለግ ጀመረ፣ ሁለት ጥፋት።

ቀጥሎ ቬንትሌተር ገዛሁ፣ 4 ሺህ ምናምን ብር፣ ባለ መቆሚያ፣ ከቤት ገመድ ስቤ ውሃ ባለበት ቦታ (ይሄን አታድርጉ፣ አንድ ቀን እርጥብ እጄን ነዘረኝና ባለቤቴ ለሳምንት አላናገረችኝም)። ቬንትሌተሩ ምን ሠራ? ያንኑ 46 ዲግሪ አየር ከዚህ ወደዚያ ወሰደው። አየር ካልወጣ አዲስ አየር አይገባም፣ መውጫ የሌለው ቤት ውስጥ ቬንትሌተር ማዞር ወጥ እንደማማሰል ነው። ደግሞ መብራቱ የሚጠፋው ያው ሙቀቱ በሚብስበት ሰዓት ነው።

ነገሩ የገባኝ በቡና ነው። እሁድ እናቴ መጥታ ጓሮ ቡና እየተፈላ ስለ ቲማቲሙ ሳማርር "ቆይ" ብላ ዕጣን ማጨሻውን አንስታ ይዛ ገባች። "የት እንደሚሄድ እስቲ እንየው" አለች። ጢሱ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ጣሪያው ጋ ሲደርስ ተዘረጋ፣ ልክ እንደ ነጠላ ፕላስቲኩ ሥር ተነጠፈ፣ እዚያው ቆመ። ወደ መስኮቶቹ የሄደ ነገር የለም። ቆይቶ ቀስ እያለ ወደ እኛ መውረድ ጀመረ፣ እናቴ እያስነጠሰች "ልጄ ይሄ ቤት ጭስ ማውጫ የለውም" ብላ ወጣች። ስንት ወረቀት ተሰጥቶኝ፣ ስንት ቪዲዮ አይቼ! እናቴ በአንድ ማጨሻ ያወቀችውን እኔ አላወቅኩም።

በማግሥቱ በያጁን ጠራሁት። አናቱ ላይ በርዝመቱ 8 ሜትር፣ በስፋቱ 60 ሳንቲ ቀደድን፣ 4.8 ካሬ ማለት ነው፣ ከበፊቱ ጋር 7 ካሬ አለፈ፣ 22 ፐርሰንት። በማጠፊያ የሚከፈት ክዳን ሠራለት፣ ከታች በገመድ የሚሳብ። ልጁ "ብራዘር በየት በኩል ይከፈት?" ብሎ ጠየቀኝ፣ እግዜር ይስጠው ጠይቋል። እኔ ገመዱ ለእጄ እንዲቀርብ ብዬ በውጪ በር በኩል አልኩት። የእኛ ግቢ ነፋስ የሚመጣው በውጪ በር በኩል ነው።

እዚህ ጋ ራሴን ነው የምሰድበው። ቤቴ ጣሪያ ላይ ስወጣ ኮረብታው ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ ይታዩኛል። የመጀመሪያው ዙር ብቻ 34 ተርባይን 51 ሜጋ ዋት ነው፣ ሁለተኛው 102 ተርባይን 153 ሜጋ ዋት። መንግሥት ያን ሁሉ ብር አውጥቶ ተርባይን የተከለው አዳማ ነፋስ ስላላት እንደሆነ ልጅም ያውቃል፣ እኔ በየቀኑ እያየሁት ክዳኔን ለነፋስ አፉን ከፍቼ ሰጠሁት። ሦስተኛው ቀን ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ነፋሱ ገባበት፣ ግሪን ሃውሱ እንደ ፊኛ ተነፋ፣ እኔ ገመዱን ይዤ እየሮጥኩ፣ ከዚያ ጧ! አለና ክዳኑ ከነፕላስቲኩ ተገንጥሎ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ አረፈ። ግማሹ ፕላስቲክ ተቀደደ። ጎረቤታችን ጋሼ ወጥተው "ይሄ ነገር ያንተ ነው?" አሉኝ፣ ሌላ የማን ሊሆን።

ሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ ማጠፊያው አናቱ ላይ ሆኖ አፉ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል እንዲከፈት አደረግነው፣ ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ። አሁን ነፋሱ አናቱን አልፎ ሲሄድ የውስጡን ሙቀት ስቦ ያወጣዋል፣ ያው ጠላቴ የነበረው ነፋስ ያለ መብራት ይሠራልኛል። ፕላስቲኩ ብረቱን የሚነካበት ቦታ ሁሉ ያረጀ ጨርቅ ጠቀለልኩበት፣ የጋለ ብረት ፕላስቲክ ያቃጥላል። በግንቦት እናቴን ማጨሻ አስይዤ አስገባኋት፣ ጢሱ ዞር ሳይል በቀዳዳው ወጣ። "እንዲህ ነዋ" አለች፣ ቡናዋን ልትጠጣ ሄደች። የዛን ወቅት ቲማቲም ግን አልፏል፣ ከ60 ግንድ የለቀምኩት አንድ ሳፋ አይሞላም።

አዎ፣ ሁለት ደንብ አስከባሪዎችም መጥተዋል። "ፎቅ እየጨመርክ ነው የሚል ጥቆማ ደርሶናል።" የቲማቲም ፎቅ።

ሌላው ሁሉ የሚሠራው አናቱ ላይ አየር መውጫ ካለ በኋላ ነው። ጥላ መረብ ከፈለጋችሁ ከፕላስቲኩ ውጪ በላዩ ላይ እንጂ ውስጥ አትስቀሉት፣ ውስጥ የተሰቀለ ጥቁር መረብ ሙቀቱን ይዞ እናንተው ላይ ነው የሚለቀው። ገንዘብ ካጠራችሁ ኖራ በውሃ በጥብጣችሁ የካቲት ላይ ከውጪ ቀቡት፣ ክረምት ሲገባ ዝናቡ ራሱ ያጥበዋል፣ እኔ እንደዛ ነው የማደርገው። ቀን ላይ ወለሉን ውሃ መርጨት የእኛ ደረቅ አየር ላይ ጥሩ ያቀዘቅዛል፣ ግን አናቱ ክፍት ካልሆነ የምትሠሩት እንፋሎት ነው፣ በሽታም ትጠራላችሁ።

መረቡን በተመለከተ ከወረቀቱ ጋር አልስማማም። ቱታ የሚሏት የቲማቲም እሳት ራት መቂና ቆቃ በኩል ስንቱን እንዳራቆተች አውቃለሁ፣ መረብ አትጠቀሙ አልልም። የምለው መረብ ከወጠራችሁ የአየር ማስገቢያና መውጫውን እጥፍ አስፉት ነው። ማስፋት ካልቻላችሁ ደግሞ እኔ ብሆን በመጋቢትና በሚያዝያ መረቡን ገልጬ ቢጫ ማጣበቂያ ሰሌዳ እሰቅላለሁ፣ በየጠዋቱም ቅጠሉን እያገላበጥኩ አያለሁ። ነፍሳት ቢገባ ከፊሉን ይበላል፣ ሙቀት ግን ሁሉንም ነው የወሰደብኝ።

የአናቱን ክዳን ከየካቲት እስከ ግንቦት ሌሊትም አልዘጋውም። ባለሙያው "ማታ ይዘጋ" ነበር ያለኝ፣ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ግን አበባው ያው ይወድቃል። ጠዋት የምዘጋው ኅዳርና ታህሳስ ላይ ነው፣ ያኔ ሌሊቱ ይበርዳል፣ እሱንም እስከ 3 ሰዓት ብቻ።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ በ8 ሰዓት ውጪ 31 ሲል ውስጥ 34 ነበር። አሁንም ከፍ ያለ ነው፣ በጣሪያው ማነስ ምክንያት ይመስለኛል፣ ግን ፍሬ ይዟል። ጠዋት ጠዋት ግንዱን የያዘውን ሲባጎ መታ መታ አደርገዋለሁ፣ ዱቄቱ እንዲራገፍ፣ ልጆቼ ይሄን ሥራ ይሻሙታል። ባለሙያውም ሰልጣኞች ይዞ መጥቶ "ሞዴል" ብሎ አሳያቸው፣ ከዚያ ለፎቶ እንዲያምር ክዳኑ ቢዘጋ አለኝ። አልዘጋሁም።

ገመዱን ግን ርካሹን ናይለን አትግዙ። የእኔን ፀሐይ በልቶት ባለፈው ሳምንት ተበጠሰ፣ አሁን ክዳኑ በሽቦ ታስሮ ነው ያለው። በያጁ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል፣ እሱ ቅዳሜ ካለ ማክሰኞ ነው።