የይግባኝ ቀን ሲያልፍ የሚከፍለው ማነው

ሰሞኑን ቴሌግራሜ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛው አንድ አይነት ነው። ፍርድ ተሰጠ፣ ጠበቃው «አይዞህ ይግባኝ እንላለን» አለ፣ ከዛ ስልክ አያነሳም፣ ከዛ አንድ ቀን የአፈጻጸም (ፍርዱ ይፈጸም የሚል) መጥሪያ ቤት ድረስ ይመጣል። እና ሰዎቹ የሚጠይቁኝ «ጥፋቱ የጠበቃው ስለሆነ ፍርድ ቤቱ ያየኛል አይደል?» ብለው ነው። መልሱ ያማል ግን ቶሎ ብታውቁት ይሻላል፣ አያያችሁም። ቢያንስ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ አያያችሁም።

የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ይቅረብ ይላል፣ ያለፈበት ሰውም በቂ ምክንያት ካለው አስፈቅዶ ማቅረብ ይችላል ይላል፣ እስከዚህ ጥሩ ነው፣ ግን ያው ሕግ ወኪሌ ወይም ጠበቃዬ ስላልሰራ ነው የዘገየሁት የሚለውን በቂ ምክንያት ብሎ አይቀበልም። ታመህ ተኝተህ ከነበር ማስረጃህን ይዘህ ትከራከራለህ። ጠበቃህ ረስቶት ከሆነ ግን የመረጥከው አንተ ነህ፣ መዘዙም ያንተው ነው። የሕጉ ሀሳብ ይገባኛል፣ ያሸነፈው ወገንም እድሜ ልኩን ይግባኝ ይመጣብኛል ብሎ መሳቀቅ የለበትም፣ ጠበቃዬ ነው እያለ ሁሉም ቢመጣ ደግሞ መዝገብ የሚባል ነገር አይዘጋም። ግን ሀሳቡ ስለገባኝ የሚደርሰው በደል አይቀልልኝም።

ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ያሉ አንዲት እናት ጉዳይ ነው ይሄን እንድጽፍ ያደረገኝ። ከባላቸው ወንድሞች ጋር የውርስ ቤት ክርክር ነበራቸው፣ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እዚሁ ድሬ ወሰነባቸው። ጠበቃው ገንዘቡን በእጁ ተቀብሏል፣ ደረሰኝ የለም፣ የተጻፈ ውልም የለም፣ ያለው ውክልና ብቻ ነው። ሲጠይቁት «መዝገቡ አዲስ አበባ ሄዷል፣ እየጠበቅን ነው» ይላቸዋል። እሳቸውም ጠበቁ። ድሬዳዋ ላይ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የወሰነው ነገር ይግባኙ የሚቀርበው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ደግሞ እዚሁ ድሬ ችሎት አለው። አዲስ አበባ የሚሄድ ምንም ነገር አልነበረም! ይቺን አንድ ነገር የሚነግራቸው ሰው ቢኖር መዝገብ ቤት ሄደው «በስሜ የተከፈተ የይግባኝ መዝገብ አለ ወይ» ብለው ቢጠይቁ በደቂቃ ይታወቅ ነበር። ቀኑ አለፈ፣ አፈጻጸሙ መጣ።

ስለዚህ መሰላሉን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ደረጃ የወሰነውን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በይግባኝ ያየዋል። ካጸናው ይግባኙ እዛ ላይ አበቃ፣ ከዛ በኋላ ያለው ሰበር ብቻ ነው። ከለወጠው ግን የተለወጠበት ሰው ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይላል። በአዋጅ 1234/2013 ከ10 ሚሊዮን ብር በላይ የሆነ የፍትሐ ብሔር ክስ ከመጀመሪያውም ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለሚጀምር የሱ ይግባኝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው፣ አዲስ አበባ የሚያስኬደው እንዲህ ያለው ነው። ሰበር የ90 ቀን ጊዜ አለው። ሰበር ደግሞ ምስክር የሚሰማ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ አይሰማም፣ የሚያየው መሰረታዊ የሕግ ስህተት አለ ወይ የሚለውን ብቻ ነው፣ መጀመሪያም አጣሪ ችሎት ያስቀርባል (ሌላው ወገን ተጠርቶ ይታይ) ካላለው አምስቱ ዳኞች ጋ እንኳን አይደርስም። «ምስክሮቼን ሰበር ላይ አቀርባለሁ» እያለ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹ። ከይዞታና ከመሳሰሉት ከተማ ነክ ጉዳዮች ከአስተዳደሩ ጋር ያላችሁ ደግሞ በ1996ቱ የድሬዳዋ ቻርተር የተቋቋሙት የከተማው ፍርድ ቤቶች የራሳቸው የይግባኝ መንገድ ስላላቸው ከዚህኛው ጋር አትደበላልቁት።

ሌላው የማይነገረው ነገር፣ ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸም አያስቆምም። እግድ መጠየቅ አለበት፣ ለብቻው፣ በማመልከቻ። ይግባኝ ብያለሁ ብሎ ተረጋግቶ ተቀምጦ ቤቱ ለሐራጅ የወጣበት ሰው አለ። ይግባኝ ሰሚው ደግሞ ሌላውን ወገን ሳይጠራ መዝገቡን አይቶ «አያስቀርብም» ብሎ መዝጋት ይችላል፣ ብዙ ይግባኝ የሚያልቀው እንደዛ ነው፣ እና የይግባኝ ማመልከቻው ላይ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ ጠርቶ ካልተጻፈ፣ በደሉን ብቻ ከደረደራችሁ፣ ዳኛው የሚይዘው ነገር የለውም። ራፖር ጸሐፊ ጋ በችኮላ የተጻፈ ይግባኝ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ ሰውየው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ፍርዱን አንብቦት ስለማያውቅ። ፍርዱን ሳያነብ የሚጽፍላችሁን ሰው አትክፈሉት።

ወንጀል ላይ አቆጣጠሩ ይለያል። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይግባኝ ባዩ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንደሚል አስታውቆ የፍርዱን ግልባጭ ይጠይቃል፣ ማመልከቻውን ደግሞ ግልባጩ በደረሰው በ30 ቀን ያቀርባል። ሁለት የተለያየ የቀን ገደብ ነው የሚቆጠረው ማለት ነው። ሰው 30ውን ይይዝና 15ቷን ይረሳል። በፍትሐ ብሔሩም ቢሆን ግልባጭ በጊዜ መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው፣ መቼ እንደተጠየቀና መቼ እንደተሰጠ የሚያሳይ ነገር በእጃችሁ ካለ መዝገብ ቤቱ ያዘገየባችሁን ቀን ለማስረዳት ትችላላችሁ፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ተቀምጣችሁ ከጠየቃችሁ ግን የምታስረዱት የለም።

ድሬ ላይ የኮንትሮባንድ መዝገብ ምን ያህል እንደሆነ ለድሬ ሰው አልነግርም። ሹፌሩ ይፈረድበታል፣ እቃው ይወረሳል፣ መኪናውም አብሮ ይወረሳል፣ የመኪናው ባለቤት ሌላ ሰው ነው፣ ሁሉም ያለቀሰበትን ጉዳይ ይዞ ይሮጣል፣ እና ማረሚያ ቤት ያለው ልጅ ግን የሚሮጥለት የለም። ቤተሰቡ ለመኪናው ጠበቃ ይቀጥራል፣ ለልጁ «ቆይ እናያለን» ይላል። የልጁ 15 ቀን የምታልፈው ያኔ ነው። ማረሚያ ቤት ያለ ሰው ይግባኙን በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር በኩል ማቅረብ እንደሚችል የሚያውቅ ቤተሰብ ስንት ነው? ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ያመነ ሰውም ቢሆን ቅጣቱ በዛብኝ ወይም ሕጉን አልጠበቀም ብሎ ይግባኝ ማለት ይችላል፣ የቅጣት አወሳሰን መመሪያው ላይ የቅጣቱ እርከን (ደረጃ) በትክክል ተሰልቷል ወይ፣ ማቅለያዎቹ ተይዘዋል ወይ የሚለው ብቻውን ወራትና አመታት ይቀንሳል። «አምነሃል አበቃልህ» ተብሎ ዝም ያለ ልጅ ሳይ አንጀቴ ነው የሚቃጠለው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የይግባኝ መብትን ያስቀመጠው፣ አቅም ለሌለው ተከሳሽም ፍትህ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ ያቁምለት ያለው ለነዚህ ልጆች ነው። እኔ ብጠየቅ የምለው ግልጽ ነው፣ ገንዘብ ላይ የጠበቃን ጥፋት ደንበኛው ይሸከም የሚለውን ባልወደውም እቀበለዋለሁ፣ ሰው ታስሮ እያለ ግን በጠበቃ ስንፍና ይግባኙ መቅረት የለበትም፣ ጊዜው ላለፈ ይግባኝ የማስፈቀጃ ጥያቄ ሲቀርብ ዳኞች እስር ቤት ያለውን ሰው አቅም አይተው በሰፊው ሊተረጉሙለት ይገባል።

አሁን ወደ ጠበቃው። ሰዎች ሁለት ነገር አንድ ያደርጋሉ፣ «ዲሲፕሊን ከሰስኩት፣ ቤቴ ይመለስልኛል» ብለው ይጠብቃሉ። አይመለስም። የፌዴራል ጠበቆች ፈቃድ የሚተዳደረው በአዋጅ 1249/2013 ነው፣ የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማህበርም የተቋቋመው በሱ ነው፣ አቤቱታ ሲቀርብ የዲሲፕሊን ጉባኤ ያየዋል፣ ቅጣቱም ከማስጠንቀቂያ ተነስቶ በገንዘብ፣ ለጊዜው በማገድ፣ እስከ ፈቃድ መሰረዝ ይደርሳል። ይሄ ሁሉ ጠበቃው ላይ ነው የሚያርፈው፣ የናንተን ፍርድ አይነካውም። የጠፋውን ለማስከፈል ሌላ ክስ ነው፣ በውላችሁ መሰረት የጉዳት ካሳ፣ እና እዛ ላይ ከባዱ ጥያቄ «ይግባኙ በጊዜው ቢቀርብ ኖሮ ታሸንፊ ነበር ወይ?» የሚለው ነው። ይሄን ለማሳየት የድሮውን ክርክር በሙሉ እንደገና ማስረዳት ነው። የተጻፈ ውል ከሌለ፣ ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ ይግባኝ ሊልልኝ ተስማምቶ ነበር የሚለውን ማስረዳቱ ራሱ ጭንቅ ነው። በባንክ ላኩ፣ ምክንያቱ ላይ «የይግባኝ ክፍያ» ብላችሁ ጻፉ፣ ይቺ ትንሽ ነገር ብዙ ታድናለች።

ድሬ ላይ ግን የዲሲፕሊን አቤቱታ የማይቀርበው ሰው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ፍቅራችን ብዙ ነው፣ ጠበቃው የጓደኛህ አጎት ነው፣ ከዚራ ቡና ላይ ታገኘዋለህ፣ ሰርግ ላይ አጠገብህ ይቀመጣል። አቤቱታ ያስገባህ ቀን ማታውኑ ሽማግሌ ይመጣል፣ «አቦ ተወው፣ የልጆች አባት ነው» ይባላል። እኚህ እናትም ጋ መጡ። ሽምግልና የምወደው ነገር ነው፣ ስንት ቤት ከመፍረስ አድኗል፣ ግን ሽማግሌዎቹ ይዘው የመጡት ይቅርታ ብቻ ነበር፣ የተቀበለውን ገንዘብ እንኳን ይመልስ አላሉትም፣ በኋላ የሚመጣው ደንበኛስ አላሉም። ሙያውን አክብረው የሚሰሩ ጠበቆች አሉን፣ ፍርድ በተነበበ በነጋታው ግልባጭ ጠይቀው ለደንበኛው ቀኑን በወረቀት ጽፈው የሚሰጡ፣ ደሃ ሲመጣ በነጻ የሚቆሙ። ዝምታችን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እነሱን ነው፣ ምክንያቱም ሰው «ጠበቃ ሁሉ አንድ ነው» ማለት ጀምሯል።

ከሀረር ለጻፍሽልኝ ልጅ፣ ስለ ወንድምሽ። የሀረሪ ክልል የራሱ ፍርድ ቤቶች ስላሉት ከላይ የጻፍኩትን የድሬ መንገድ እንዳለ አትውሰጂው፣ መጀመሪያ የፈረደው ፍርድ ቤት የክልሉ የቱ እንደሆነ ፍርዱ አናት ላይ እይው። የቀን አቆጣጠሩ ግን በዛው በ1954ቱ ሕግ ነው። ነገ ጠዋት መዝገብ ቤት ሄደሽ መዝገብ ቁጥሩን ስጪና ሶስት ነገር ጠይቂ፣ ፍርዱ የተሰጠበትን ቀን፣ ግልባጭ ተጠይቆ እንደሆነ፣ ከተጠየቀም መቼ እንደተሰጠ። ካልተጠየቀ ያኔውኑ በወንድምሽ ስም ይጠየቅ፣ ማረሚያ ቤት ካለው ከራሱ ፊርማ ጋር። ጊዜው ካለፈ የማስፈቀጃ ማመልከቻው ላይ ጠበቃው ምን እንዳለ፣ በየትኛው ቀን እንደደወላችሁለት፣ የቴሌግራም መልእክቱን አትማችሁ አያይዙት። ገንዘብ ከሌላችሁ ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚያስኬዱት ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለ፣ ፍርዱን ይዘሽ ሂጂ፣ ያነቡልሻል። ግልባጩ ሲደርስሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ እኔም አየዋለሁ።