ከኮሮና በኋላ እጄ እምቢ ሲለኝ

ትኩሳቱ ከለቀቀኝ ሳምንት ሆኖኛል። ሳሉም ጠፍቷል። ተገላገልኩ ብዬ ውኃ ልጠጣ ብርጭቆ ሳነሳ እጄ ፈንጠር አለና ውኃው ደረቴ ላይ ተደፋ። ሳቅሁ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ከእጄ ተስፈንጥሮ ወደቀ። ያኔ አልሳቅሁም።

በሦስተኛው ቀን እግሬም ተከተለ። ቆሜ ሳለሁ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ ወዲያው ደግሞ ይመለሳል። ስራመድ እግሬን ከፈት አድርጌ፣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገድኩ ነው። በር ጓ ሲል መላ ሰውነቴ ይዘላል። ዝም ብዬ ስቀመጥ ግን ምንም የለም! ግራ ያጋባን ይሄ ነው። ቤተሰቤ «ጭንቀት ነው» አለ። እኔም ግማሽ ልቤ አመነ።

መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ፊት ተቀምጬ ሳወራ አንድም ነገር አልታየብኝም። ቫይታሚን ታዘዘልኝና ተመለስኩ። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ «ያንቀጠቅጠኛል» ብቻ ነው ያልኩት። መንቀጥቀጥ ምት አለው፣ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። የእኔ ግን እንቅልፍ ሊወስደን ሲል ድንግጥ እንደምንለው ዓይነት ነበር፤ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

ስለዚህ እህቴን በስልክሽ ቅረጪኝ አልኳት። ብርጭቆ ሳነሳ፣ ስጽፍ፣ ስራመድ። እያንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ወረቀት ላይ ደግሞ ኮሮና የያዘኝን ቀን፣ መዝለሉ የጀመረበትን ቀንና የዋጥኩትን መድኃኒት በሙሉ ጻፍኩ።

የነርቭ ሐኪሟ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየችው። «እስቲ በጣትዎ አፍንጫዎን ይንኩ፤ ከዚያ የእኔን ጣት» አለችኝ። ጣቴ ልትደርስ ስትል ዘለለች። «ማዮክሎነስ ይባላል፤ ጡንቻ ሳያስቡት በቅጽበት ሲዘል ማለት ነው» አለች። ስቅታም የዚሁ ዘመድ ነው አለችኝ። የጉልበቴ መክዳትም ያው ነው፤ ጡንቻው ለቅጽበት ሥራውን ያቆማል። አረማመዴን ያበላሸው ደግሞ አታክሲያ ነው፤ ሚዛን የሚጠብቀው ትንሹ አንጎል ሲታወክ የሚመጣ። ሁለቱም ከኮሮና በኋላ አብረው ሊታዩ ይችላሉ።

ወዲያው ግን ኮሮና ነው ብላ አልደመደመችም። ኩላሊትና ጉበት ታዩ፣ ሶዲየምና ማግኒዚየም ተለኩ። የመድኃኒት ዝርዝሬን አንድ በአንድ አነበበችው፤ አንዳንድ የሕመም ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ጡንቻ ያዘልላል። የአንጎሌ ምስል፣ ኤምአርአዩ፣ ንጹሕ ሆነ። እኔ ምክንያቱ አልተገኘም ብዬ ከፋኝ፣ እሷ ግን ቅር አላላትም። ቫይረሱ አንጎሌን እየበላ መስሎኝ ነበር፤ በአብዛኛው የሚጠረጠረው ግን በቫይረሱ የተቆጣው የሰውነት መከላከያ ነው።

ያን ሌሊት ኢንተርኔት ከፍቼ ራሴን አስፈራራሁ። ሐኪሙ ፎን ኢኮኖሞ እ.ኤ.አ. በ1917 ቪየና ላይ ስለጻፈለት፣ ሰዎችን አስተኝቶ ኋላም ብዙዎችን እንደ ፓርኪንሰን ሕመምተኛ ስላደረቀው በሽታ አነበብኩ። በማግስቱ ለሐኪሟ ስነግራት፣ ያ በሽታ ከዘመኑ ኢንፍሉዌንዛ ጋር ያለው ዝምድና እንኳ እስካሁን አልተረጋገጠም አለችኝ። የሌሊት ንባቤ ያ የመጨረሻው ሆነ።

ሌቬቲራሴታም የሚባል የሚጥል በሽታ መድኃኒት በትንሹ ተጀመረልኝ። መዝለሉን ቀነሰው፤ እኔን ግን ቁጡ አደረገኝ። ሰው ሁሉ ያናድደኝ ጀመር። የመድኃኒቱ ጠባይ መሆኑን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ከእህቴ ጋር ባልተኳረፍኩ። ማታ ማታ ክሎናዜፓም ተጨመረ፤ እሱ ደግሞ እንቅልፍ ብቻ። ትንሽ ሲሻለኝ በራሴ ሥልጣን ሁለት ቀን ሁሉንም ተውኩት። በሦስተኛው ቀን መዝለሉ ብሶ መጣ። ክሎናዜፓምን ድንገት ማቋረጥ የሚጥል በሽታ እንኳ ሊያስነሳ እንደሚችል የተነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪሟ ተቆጣችኝ፤ ይገባኛል።

ብርጭቆ በግማሽ ብቻ ሞልቼ በሁለት እጄ ያዝኩ። ቢላ አልነካሁም። መኪና መንዳት ተውኩ። ደረጃ ስወርድ ድጋፉን አልለቅም ነበር። ፊዚዮቴራፒስቱ በየቀኑ ተረከዜን ከጣቴ እያገጣጠምኩ በቀጭን መስመር ላይ እንድሄድ አዘዘኝ። የሕፃን ጨዋታ ይመስላል እንጂ ላብ ያስወጣል።

እጄ በሳምንታት ተሻለ። እግሬ ሁለት ወር ፈጀ። መድኃኒቱን በአራተኛው ወር ቀስ በቀስ አወረድነው። አሁን ድካም ሲበዛብኝ አውራ ጣቴ አንዳንዴ ፈንጠር ትላለች፣ በተለይ መልእክት ስጽፍ። ያላሰብኩት ፊደል መሀል ይገባል። እህቴ ለምዳዋለች፤ ማረሜን እንኳ አትጠብቅም።