የማላውቃቸው ሰዎች ውለታ

ወዳጆቼ፣ ሰላም ናችሁ? ዓመቱ አለቀ። በዚህ ሰሞን ብዙዎቻችሁ ያሳካችሁትን ስትቆጥሩ አያለሁ። ደስ ይላል። የለፋ ሰው ልፋቱን ቆም ብሎ ቢያይ ምን ክፋት አለው? እኔ ግን ዘንድሮ የማስበው ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸውን ሰዎች ነው። ስልካቸው የለኝም። አንዳንዶቹን መንገድ ላይ ባገኛቸው እንኳ ላልለያቸው እችላለሁ። ግን ይህን ዓመት ያሻገሩኝ እነሱ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም። እነሱና ዛፎች።

አባቴ ያረፈው ዘንድሮ ነው። ሐዘን የደረሰበት ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ቤቱ በሰው ይሞላል። ከዚያ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይመለሳል፣ መመለስም አለበት። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና አንድ ጥያቄ ነበርን። እኔ ለማን ነኝ? ብኖር ባልኖር ለማን ምን ይጎድልበታል? አልጋዬ ላይ ተጋድሜ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብቻህን ስትብሰለሰልበት አይፈታም፤ ይባስ ብሎ ቤቱ ራሱ ይጠብብሃል።

ስለዚህ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። የት እንደምሄድ አላውቅም። መቀመጥ ስላቃተኝ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ዝናብ ያዘኝና ትልቅ ዛፍ ሥር ተጠለልኩ። አንድ ሽማግሌ ቀድመውኝ ቆመዋል። ምርኩዛቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈዋል። ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ለትንሽ ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ በአገጫቸው ወደ ግንዱ አመለከቱኝና «ልጄ፣ እስቲ እነዚህን እዪ» አሉ።

ጉንዳኖች ናቸው። በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ተሰልፈው ወደ ላይ ይወጣሉ። ጠጋ ብዬ ሳይ አንዳንዶቹ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ነጭ ነገር ተሸክመዋል። «ልጆቻቸው ናቸው። ውሃው ሊገባባቸው ሲል እያሸሿቸው ነው» አሉኝ። ምርኩዛቸው የሰልፉ መንገድ ላይ ነበር። ከፊሎቹ ዞረው አለፉ፣ ከፊሎቹ በምርኩዙ ላይ ወጡ። እጀታው ድረስ ደርሰው ግራ ገባቸውና ተመልሰው መውረድ ጀመሩ።

ዝናቡ አባራ። ሽማግሌው ግን አልሄዱም። ምርኩዙን አንስተው ቢያራግፉት የሚያያቸው የለም፣ ጉንዳን ነው። እሳቸው ግን የመጨረሻዋ ወርዳ ሰልፏን እስክትይዝ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ቀስ ብለው አነሱና «በይ ልጄ፣ ቀና በይ» ብለውኝ ሄዱ።

ስለ አባቴ አንድም ቃል አልነገርኳቸውም። ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ እንጃ። ያን ዕለት ማታ ግን ጥያቄው ጋብ አለልኝ። መልስ አግኝቼ አይደለም። ለአንድ ከሰዓት ራሴን ረስቼ ስለነበር ነው። ራስን መርሳት እንዲህ እንደሚያሳርፍ ከዚያ በፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝኩ። አንዱን ልንገራችሁ፣ በጣም ነው የወደድኩት። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ ግቢ ውስጥ በጣም ረጃጅም ባሕር ዛፎች አሉ። ፖል ፒፍ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን እዚያ ወስደው አቆሙ። ከፊሎቹ ቀና ብለው ለአንድ ደቂቃ ዛፎቹን አዩ። የቀሩት እዚያው ቆመው ረጅም ሕንጻ አዩ። ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ የያዛቸውን እስክሪብቶዎች ድንገት ያመለጡት መስሎ መሬት ላይ በተናቸው። ዛፎቹን ያዩት ተማሪዎች ከሌሎቹ የበለጠ እስክሪብቶ ለቀሙለት። የአንድ ደቂቃ ነገር ነው እኮ! ዛፍ ያየ ዐይን ሰው ለማየትም ይፈጥናል ማለት ነው። ሽማግሌው ትዝ አሉኝ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ቨርጂኒያ ስተርም የምትባል ተመራማሪ የመራችው ሌላ ጥናት ወጣ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ለ8 ሳምንታት፣ በሳምንት አንዴ ለ15 ደቂቃ እንዲራመዱ ተደረገ። ከፊሎቹ የሚያስደንቃቸውን ነገር እየፈለጉ እንዲሄዱ ተነገራቸው። ሁሉም በየጉዟቸው የራሳቸውን ፎቶ ያነሱ ነበር። ሳምንታቱ ሲገፉ፣ የሚያስደንቅ ነገር ሲፈልጉ የነበሩት ሰዎች በገዛ ፎቷቸው ውስጥ የሚይዙት ቦታ እያነሰ ሄደ። ከኋላቸው ያለው ዓለም ሰፋ። ፈገግታቸውም እንደዚያው ሰፋ።

ይህን ሳነብ መጽሔቱን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ዋጋ ያለው ሰው መሆን ማለት መግዘፍ ይመስለኝ ነበርና።

መውጣት የማትችሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ታማችሁ፣ አስታማሚ ሆናችሁ፣ ወይ ሥራው አላፈናፍን ብሏችሁ። መስኮትም ይሠራል። ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች መዝገብ አነጻጽሯል። ከአልጋቸው ሆነው ዛፍ ይታያቸው የነበሩት፣ የጡብ ግድግዳ ብቻ ይታያቸው ከነበሩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። የወሰዱት ጠንካራ ማስታገሻም አነስ ያለ ነበር። አልጋውን ወደ መስኮቱ ማስጠጋት የሚቻል ከሆነ አስጠጉት።

ወደ ሰዎቹ ልመለስ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነበር። አጠገቤ ያለች እናት በአንድ እጇ ሕፃን፣ በሌላው ዕቃ ይዛለች። ቦርሳዋን ለመክፈት ስትታገል ቆየችና ዞር ብላ አየችኝ። «እስቲ ያዢልኝ እህቴ» አለችና ልጁን ሰጠችኝ። በቃ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቀችም። ልጁ መጀመሪያ ትኩር ብሎ አየኝ፣ ሊያለቅስ ከንፈሩን ጣለ፣ ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና አውራ ጣቴን ጨብጦ ዝም አለ። መዳፉ ላብ ላብ ብሎታል። እናትየዋ ስትቀበለኝ እንኳ ጣቴን ወዲያው አልለቀቀም።

እኔ ለማን ነኝ ስል የከረምኩት ሰው፣ ለዚያች ቅጽበት ለአንዲት እናት አስፈላጊ ነበርኩ። ምንም አላደረግኩም፣ አጠገቧ መገኘቴ ብቻ በቃ። ከዚያ ወዲህ ትልቁን መልስ መፈለግ ትቼ፣ በየቀኑ እንዲህ የሚመጡትን ትንንሽ መልሶች መቀበል ጀምሬያለሁ።

ከማናውቀው ሰው ጋር ማውራት ለምን እንደሚከብደን እ.ኤ.አ. በ2014 ኒኮላስ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር ቺካጎ ውስጥ ፈትሸውታል። በባቡር ወደ ሥራ ከሚሄዱ ሰዎች ከፊሎቹን አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው እንዲያናግሩ ጠየቋቸው። ሌሎቹን ዝም ብለው እንዲቀመጡ። ሰዎች አስቀድመው ሲጠየቁ፣ ዝምታው እንደሚሻላቸው ነበር የገመቱት። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። መንገዱ ደስ የሚል የሆነላቸው ያወሩት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ ነገር ጨመረልኝ። ከማናውቀው ሰው ጋር አውርተን ስንለያይ፣ ሰውየው ከምናስበው በላይ ወዶን ነው የሚሄደው። ስንቶቻችን ነን «ምን ብሎኝ ይሆን» እያልን የምንብሰከሰከው!

እርግጥ ያገኙትን ሁሉ ማመን የለብንም። በተለይ ሴቶች፣ በተለይ በማታ፣ ልባችን «ሂጂ» ሲለን መሄድ ነው። እኔ የምለው ስለ ቀን ብርሃን፣ ስለ ሰልፍ፣ ስለ መጠበቂያ ክፍል፣ ስለ ጋራ ወንበር ነው። እዚያ ጆሯችንን ደፍነን፣ ስልካችን ላይ አቀርቅረን የምናልፋቸው ሰዎች ያሳዝኑኛል። እኛም እናሳዝናለን።

እናንተም ብትሆኑ አብዛኞቻችሁ ለእኔ የማላውቃችሁ ሰዎች ናችሁ። በአባቴ ሰሞን «አይዞሽ» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ፣ ፊታችሁን አይቼ አላውቅም። ለሁላችሁም መልስ የመስጠት አቅም አልነበረኝም። አንብቤዋለሁ ግን፣ እያንዳንዱን። ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣኝ ደግሜም አነበብኩት። እግዜር ይስጥልኝ።

በዚህ በዓል ከቻላችሁ ትንሽ ወጣ በሉ። ብቻችሁን ቢሆንም ግድ የለም። የሆነ ረጅም ዛፍ ሥር ቁሙና ቀና በሉ። ስትመለሱ የምታገኙትን ጥበቃ፣ ሹፌር፣ ጽዳት ሠራተኛ «እንዴት ዋሉ?» በሉት፣ መልሱንም ቆማችሁ ስሙ።

በበዓሉ ቀን ሥራ ላይ ላላችሁ፣ ሕመምተኛ አጠገብ ለምታድሩ፣ ዘንድሮ ወንበር ለጎደለባችሁ፣ ሰው ሁሉ ሲሰባሰብ ብቻችሁን ለሆናችሁ፣ ለሁላችሁም እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! ዓመቱ የሰላም፣ የጤናና መልካም ሰው የሚያጋጥማችሁ ይሁንላችሁ።